ያላዘዝሁት ሰላምታ

ዳዊት ደግሜ ከቄስ ትምህርት ቤት በወጣሁበትና አስኳላ ገና ባልገባሁበት በዚያ የመካከል ጊዜ፣ የሰፈራችን ሰው ደብዳቤ ማስጻፍ ሲያምረው ወደ እኛ ቤት ይመጣ ነበር፤ የጸሐፊነቴም ዋጋ በደብዳቤው ርዝመት ሳይሆን በአስጻፊው ርኅራኄ የሚተመን ስለ ነበረ፣ ከአንድ እንቁላል ተነሥቶ፣ ሰውየው የደስታ ወሬ የሚያስጽፍ እንደ ሆነ፣ እስከ ኻያ አምስት ሳንቲም ይደርስ ነበር። ከእነዚያ ሁሉ አስጻፊዎች መካከል እስከ ዛሬ የማይረሱኝ አንዲት ጠላ ሻጭ እናት ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡና «ልጄ፣ ለወንድሜ፣ የላክኸው ገንዘብ አልደረሰኝም ብለህ ጻፍልኝ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ቆብ እንደሌለው መነኵሴ ነው ብዬ የማምን ልጅ ስለ ነበርሁ፣ «ይድረስ ለክቡር ወንድሜ» ብዬ ጀምሬ፣ ከባሕር አሸዋ የበዛ፣ ከማር ወለላ የጣፈጠ ሰላምታ አቅርቤ፣ የእርሳቸውን ጤንነት ከአምላክ ምስጋና ጋር አብሥሬ፣ የሚስቱንና የልጆቹን፣ የላሙንም የጥጃውንም ደኅንነት ጠይቄ፣ ወደ ገንዘቡ ስደርስ ወረቀቱ አልቆ ኖሮ ዋናውን ነገር በኅዳጉ ላይ አጣብቤ ጻፍሁት። አንብቤ ስጨርስ ሴትዮዋ ራሳቸውን በአድናቆት እየነቀነቁ ጥቂት ቆዩና «መልካም ነው ልጄ፣ እጅህ ይባረክ፤ ግን ይህን ሁሉ እኔ መቼ አልሁ?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ከአምሳ ዓመት በኋላ ግን ጥያቄው ዞሮ ዞሮ እኔኑ አገኘኝ፤ ያገኘኝም አስጻፊው እኔ፣ ጸሐፊው ደግሞ በላፕቶፕ ውስጥ የሚኖር፣ ደመወዝ የማይጠይቅና እንቁላል የማይቀበል አገልጋይ በሆነበት ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመዝገብ ቤት ሥራ በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ ቀኑ እንደ ሁዳዴ ጾም ቢረዝምብኝ፣ ሞያዋ ፕሮግራም መጻፍ የሆነው የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ዳማ ከሚጫወቱ ፓይተን ለምን አይማሩም?» ብላ አስጀመረችኝ። ፓይተን በፈረንጅ አፍ ዘንዶ ማለት መሆኑን ስሰማ አማትቤ ነበር፤ ስሙ ከዘንዶው ሳይሆን ሞንቲ ፓይተን ከሚባሉት የእንግሊዝ ቀልደኞች የተወሰደ መሆኑን ስትነግረኝ ግን ልቤ ተመለሰ። ትምህርቱንም ያለ ሥራ መቀጠል ስለማይሆንልኝ፣ ከአገራችን ወጥተው በሎንዶን፣ በፓሪስ፣ በቫቲካንና በሌሎችም ከተሞች ተቀምጠው ከሚኖሩት የግእዝ ብራናዎች የትኛው የት እንዳለ የሚያሳይ መዝገብ ለራሴ አዘጋጃለሁ ብዬ ተነሣሁ። ከእነዚህ ከጠራኋቸው ከተሞች ውጭ ያለ፣ ስሙን ለክብሩ ስል የማልናገረው አንድ የባሕር ማዶ ቤተ መጻሕፍት፣ የብራናዎቹን ዝርዝር ለሚሻ ሁሉ ክፍት አድርጎ በኢንተርኔት አውጥቶታልና፣ እኔም በየሰኞው ጧት ሄዶ አዲስ የተመዘገበውን ቀድቶ የሚያመጣልኝ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍሁ። ሄደ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። ያመጣውም 403 የሚል ቁጥር ብቻ ነበረ፤ ትርጓሜው «የምትለው ገብቶኛል፤ ግን አልሰጥህም» ማለት ነው።

ወደ ጠቡ ከመግባቴ በፊት የዚህን የደብዳቤ ሥርዐት ጥንተ ነገር በአጭሩ ልናገር። ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ጋር የሚጻጻፍበት፣ ኤችቲቲፒ የሚባለው ሥርዐት ሲወለድ ቃሉ እንደ ጠላ ሻጯ እናት ቃል አጭር ነበረ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ጥያቄው በሙሉ አንድ መስመር ነው፤ «ይህን ስጠኝ» ይላል፣ ያኛው ይሰጣል፣ በሩ ይዘጋል፤ ስም አይጠየቅ፣ አገር አይጠየቅ፣ እንዴት አደርህ የለ። በ1996 ሥርዐቱ በጽሑፍ ሲሰፍር ግን፣ ከጥያቄው መስመር ቀጥለው አንድ በአንድ የሚደረደሩ ቃላት አብረው ሰፈሩ። ፕሮግራመሮች ሄደር ይሏቸዋል፤ በአማርኛ ራስጌ ብንላቸው ያስኬዳል። እነዚህ ራስጌዎች ጠያቂው ማን እንደ ሆነ፣ በምን ቋንቋ መልስ እንደሚሻ፣ የተጠቀለለ ዕቃ መፍታት ይችል እንደ ሆነ፣ ከወዴትስ እንደ መጣ ይናገራሉ። በ1997 ደግሞ ሆስት የሚባለው ሄደር ግዴታ ሆነ፤ ምክንያቱም በአንድ አድራሻ፣ እንደ ኪራይ ግቢ፣ ብዙ ባለስም ቤቶች ስለሚኖሩ፣ «የማንን ቤት ፈልገህ ነው?» ለሚለው ዘበኛ መልስ የሌለው እንግዳ 400 የሚል ቁጥር ተቀብሎ ከደጅ እንዲመለስ ተደነገገ። ከራስጌዎቹ አንዱ፣ ጠያቂው ከየትኛው ገጽ እንደ መጣ የሚያመለክተው ሪፈረር፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ «አር» ይጐድለዋል፤ ስሕተቱ በ1996ቱ ጽሑፍ እንዳለ ስለ ገባ ዓለም በሙሉ እስከ ዛሬ ጐደሎውን እንደ ትክክለኛ ቈጥሮ ይጽፋል። አንዱ ደብተራ የዘለላትን ፊደል ተከታዮቹ ገልባጮች «ከአበው የወረስነውን አንነካም» እያሉ ዘልለዋት የኖሩበትን ብራና በዐይኔ አይቻለሁና፣ በዚህ ልስቅ አልደፈርሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእኅቴ ልጅ ለምሳ መጣች። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ችግሬን ነገርኋት።

«ጋሼ፣ ምን ብለው ነው የጠየቁት?» አለችኝ።

«ዝርዝሩን ስጠኝ ብዬ ነዋ፤ ሌላ ምን እላለሁ?»

«እርስዎ እንደዚያ አሉ፤ ጸሐፊዎ ግን ምን ብሎ እንደ ጻፈ አይተዋል?»

ጸሐፊዬ የምትለው ሪኩዌስትስ የተባለውን ላይብረሪ፣ ማለት ሌላ ሰው አስቀድሞ የጻፈውን የፕሮግራም ስብስብ ነው። ኬኔዝ ራይትዝ የሚባል አሜሪካዊ በ2011 ያወጣው ሲሆን፣ መፈክሩም «ኤችቲቲፒ ለሰው ልጆች» የሚል ነው፤ እውነትም ለሰው ልጅ የሚመች ነገር ነው፤ አንድ መስመር ትጽፋለህ፣ የቀረውን ሁሉ እርሱ ይፈጽምልሃል። ልጅቱ በላፕቶፔ ላይ፣ የደረሰውን ደብዳቤ እንደ መጣ መልሶ የሚያነብ ትንሽ አድማጭ ሰርቨር ከፈተችና ፕሮግራሜን ወደዚያ ላከችው። እኔ አንድ መስመር ብቻ የጻፍሁት ሰውዬ አምስት መስመር ራስጌ ተሸክሜ ተገኘሁ። ሆስት፤ የቤቱ ስም። ዩዘር ኤጀንት፤ ማለት የጠያቂው ስም፤ «ፓይተን ሪኩዌስትስ» ይላል ከነእትሙ ቁጥር። አክሴፕት ኢንኮዲንግ፤ «ጂዚፕና ዲፍሌት በሚባሉት አጠቃለሎች ጠቅልለህ ብትልክልኝ መፍታት እችላለሁ» ማለት ነው። አክሴፕት፤ በእዝባር የተለዩ ሁለት ኮከቦች፣ ትርጓሜያቸውም «የሰጡኝን ሁሉ እበላለሁ» ነው። ኮኔክሽን፤ «በሩን አትዝጋብኝ፣ ተመልሼ እመጣለሁ»።

«ይህን ሁሉ እኔ መቼ አልሁ?» ብዬ ጮኽሁ፤ ከአፌ የወጣውንም ቃል የማን እንደ ነበረ ሳስታውስ ብቻዬን ሳቅሁ። ልጅቱ ጡረታ አእምሮዬን ነክቶት እንደ ሆነ በሚመስል ዐይን ተመለከተችኝ።

የ403ም ምስጢር ከዚያ በኋላ ተገለጠ። በዚያ ስም የሚመጡ፣ ሌሊትና ቀን የሰውን ቤት የሚበረብሩ ፕሮግራሞች ብዙ ስለ ሆኑ፣ የብዙ ቤቶች ዘበኛ «ፓይተን ሪኩዌስትስ» የሚለውን ስም ገና ከሩቅ ሲሰማ በሩን ይወረውራል፤ እኔም በጸሐፊዬ ስም ተጠርቼ በጸሐፊዬ ዘመዶች ኀጢአት ተቀጣሁ። የእኅቴ ልጅ መድኀኒቱን ከአፌ ሳታስጨርሰኝ ነበር የምታውቀው፤ «ክሮም ነኝ ይበላ! አንድ መስመር ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል» አለችና ክሮም የተባለው ብራውዘር ስሙን ሲጠየቅ የሚሰጠውን መልስ አሳየችኝ። ጉድ ነው! ክሮም ስሙን ሲናገር «ሞዚላ ነኝ፣ አፕል ዌብኪት ነኝ፣ ኬኤችቲኤምኤል ነኝ፣ ጌኮን የመሰልሁ፣ ክሮም ነኝ፣ ሳፋሪም ነኝ» ብሎ ነው የሚዘረዝረው፤ ጌኮ ማለት ደግሞ በግድግዳ የምትሄደው እንሽላሊት ናት።

ይህ የዘር ቆጠራ ከየት መጣ ብል፣ በ1994 የወጣው ኔትስኬፕ ስሙን «ሞዚላ» ብሎ ይናገር ኖሮ፣ ባለገጾቹ ያማሩ ገጾቻቸውን ለሞዚላ ብቻ መስጠት ስለ ጀመሩ፣ በ1995 የመጣው የማይክሮሶፍት ብራውዘር ከድርሻው እንዳይጐድል «እኔም ሞዚላ ነኝ» አለ፤ በ2003 ሳፋሪ «ጌኮን እመስላለሁ» ብሎ ተጨመረ፤ በ2008 ክሮም የሁሉንም ስም አንድ ላይ አሥሮ ተሸከመ። ይህንንስ አውቀዋለሁ! አያቶቻችን ርስት ለመካፈል የአቅኚውን አባት ስም ይዘው እስከ ሰባትና እስከ ስምንት ቤት ሲቆጥሩ፣ በመካከል የማይገናኘውን በእናት በኩል እያገናኙ፣ ያልወለደውን እያስወለዱ በዳኛ ፊት የሚቆሙት በዚሁ ዘዴ ነበር፤ አቅኚው አባት ሞቶ ስንት ዘመን እንዳለፈው፣ ኔትስኬፕም እንዲሁ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ ነኝ ባዩ ግን አላለቀም።

«የመዝገብ ቤት ሰው በሐሰት ስም ደብዳቤ አያወጣም» አልኋት። «ለሙከራ ብቻ» ብላ የክሮምን ራስጌዎች ከነምናምናቸው ገልብጣ በፕሮግራሜ ላይ ለጠፈችበት። በሩ ተከፈተ፤ 200 መጣ፣ ማለት «እሺ»፤ የመጣውን ዝርዝር ብንከፍተው ግን የዛር አፍ ይመስል ማንም የማያነበው ምልክት ሆነ። ለካ ከገለበጠቻቸው ራስጌዎች አንዱ «ብሮትሊ በሚባለው አጠቃለልም ብትልክልኝ እፈታለሁ» ይል ኖሯል፤ ክሮም ይፈታዋል፤ የእኔ ፓይተን ግን የመፍቻው ቁልፍ ተጨማሪ ላይብረሪ ሆኖ ስላልተጫነለት፣ የተላከለትን እንደ ታሰረ አቀረበልን። ብሮትሊ በስዊሶች አነጋገር ትንሽ ዳቦ ማለት ነው አሉ። ዳቦ ለምኖ መብላት ያቃተው ለማኝ ሆነን ቡናችንን ጠጣን።

እርሷ ከሄደች በኋላ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ሐሰት ከመናገር ዝም ማለት ይሻላልና፣ ስሜን ጨርሶ ባልናገርስ? የላይብረሪው መመሪያ፣ የማትፈልገውን ሄደር ዋጋውን ነን፣ ማለት ምንም፣ ብትለው ይሰረዛል ይላል። ዩዘር ኤጀንትን «ምንም» አልሁት፤ የአጠቃለሉንም ራስጌ «ምንም» አልሁት፤ ላኩትና ሪኩዌስትስ ለራሱ የሚያስቀረውን የደብዳቤውን ግልባጭ ብመለከት ሁለቱም ጠፍተዋል። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን በመዝገብ ቤት ያረጀ ሰው ግልባጭን አያምንምና፣ ወደዚያች አድማጭ ላክሁት። ዩዘር ኤጀንት በቦታው ተቀምጦ ይጠብቀኝ ኖሯል፤ ስሙ ብቻ ተለውጦ «ፓይተን ዩአርኤልሊብ3» ሆኗል! የአጠቃለሉም ራስጌ «አይደንቲቲ» ብሎ ተመልሷል፤ ማለት «ሳትጠቀልል እንዳለ ስጠኝ»።

አንባቢዬ በአንድ መሥሪያ ቤት ሠርቶ ያውቅ እንደ ሆነ የሆነውን ለመረዳት አይቸገርም። ሪኩዌስትስ ብቻውን ደብዳቤ አያደርስም፤ የጻፈውን ለዩአርኤልሊብ3 ያቀብላል፤ ዩአርኤልሊብ3 ደግሞ ከፓይተን ጋር አብሮ ለሚመጣው፣ ኤችቲቲፒ ክላየንት ለሚባለው አሮጌ መልእክተኛ ይሰጣል፤ ያ ነው ወደ መንገድ የሚወጣው። እኔ የሰረዝሁት ከላይኛው ጸሐፊ ረቂቅ ላይ ነው፤ መካከለኛው «አለቃዬ ስም መጻፍ ረስቷል» ብሎ የራሱን ስም ጻፈ፤ የታችኛውም «ስለ አጠቃለል ምንም አልተባለም፤ እንግዲያስ አለመጠቅለል ማለት ነው» ብሎ ሞላው። ሦስቱም ክፋት የላቸውም፤ እያንዳንዱ የጐደለ የመሰለውን እየሞላ ለጌታው ክብር ይጨነቃል፤ በመዝገብ ቤት ሳለሁ «አይቻልም» ብዬ ያረቀቅሁት ደብዳቤ ዋናው ጸሐፊ «በወቅቱ ሁኔታ» የሚል ጨምሮበት፣ ታይፒስቷ «ለጊዜው» የሚል ጨምራበት፣ ባለጉዳዩ እጅ ሲደርስ «ይቻላል» መስሎ የተነበበ ጊዜ ነበረ።

ለዚህ ደዌ የተቀመመ መድኀኒት አለ። የመካከለኛው ጸሐፊ ባለቤቶች የሰውን ምሬት ሰምተው ኖሮ፣ «ስኪፕ ሄደር» የምትባል ቃል አውጥተዋል፤ ግራና ቀኟ በሦስት በሦስት የኢሜይል ምልክት የታጠረች፣ እንደ ክታብ ያለች ቃል ናት፤ ይህችን በሄደሩ ዋጋ ፋንታ ስታስቀምጥ መካከለኛውም የታችኛውም እጁን ይሰበስባል። የምትሠራውም ለሦስት ራስጌዎች ብቻ ነው፤ ለስሙ፣ ለአጠቃለሉና ለሆስት። በዚህ ረገድ ከርል የሚባለው፣ ዳንኤል ስቴንበርግ የተባለ ስዊድናዊ በ1998 ያወጣው መሣሪያ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ ከሄደሩ ስም ቀጥለህ የፈረንጅ ሁለት ነጥብ አድርገህ ዝም ብትል ሄደሩ ይሰረዛል፤ በሁለት ነጥቡ ፋንታ ድርብ ሰረዝ የሚመስለውን የፈረንጅ ምልክት ብታደርግ ግን ሄደሩ ስሙን ብቻ ይዞ ባዶውን ይሄዳል። የለም በማለትና ባዶ ነው በማለት መካከል ያለውን ልዩነት በአንዲት ነጥብና በአንዲት ጭረት የሚለይ ሰው በየኔታ እጅ ያለፈ ይመስለኛል።

ስም የለሽ ሆኜ ብሄድ ዘበኛው ይባስ ጠረጠረኝ፤ ዳግመኛ 403። እውነቱን ለመናገር ፈረድሁለት፤ እኔም በደጄ ቆሞ ማንነቱን ጠይቄው ዝም ለሚል ሰው አልከፍትም። ስለዚህ የቀረችኝን መንገድ ያዝሁ፤ ስሜን በእውነት መናገር። ለፕሮግራሜ «ዝክረ ብራና» የሚል ስም አወጣሁለትና በዩዘር ኤጀንት ላይ በገዛ ፊደላችን ጻፍሁት። በዚህ ጊዜ ደብዳቤው ከቤቴም አልወጣ፤ የታችኛው መልእክተኛ ገና በደጃፍ ቆሞ ጮኸ፤ ጩኸቱም «ላቲን 1 እነዚህን ፊደላት ሊጽፋቸው አይችልም፤ ተራ ቁጥራቸው ከ256 ክልል ውጭ ነው» የሚል ነበረ። መልእክተኛው ራስጌ የሚጽፍበት የፊደል ገበታ ከ0 እስከ 255 ብቻ የሚቆጥር የምዕራብ አውሮፓ ገበታ ነው፤ የእኛ ፊደል ግን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ በ1999 ሲገባ፣ ብዙ ሕዝብ ቀድሞት ተቀምጦ ኖሮ፣ ሀ የደረሳት ቁጥር 4608 ነው፤ የዝክር ዝ ደግሞ 4829 ናት። አንድ ሺሕ ዓመት አልፎት በብራና ላይ የኖረ ፊደል የብራና ዝርዝር ሊጠይቅ ሲሄድ በደጃፍ መከልከሉ አስቆጥቶኝ፣ ያን ቀን ላፕቶፑን ዘግቼ ዳማ ልጫወት ወጣሁ፤ በዳማውም ተሸነፍሁ።

በማግስቱ ስሙን በላቲን ፊደል ጻፍሁት፤ አጠገቡም «ፍሮም» የሚባለውን፣ በየቦታው የሚዞር ፕሮግራም የላኪውን ኢሜይል እንዲያስታውቅበት የተሠራውንና ዛሬ ማንም የማያስታውሰውን ራስጌ ጨምሬ አድራሻዬን አሰፈርሁ። ዘበኛው ሳይንገራገር ከፈተ። ደስታዬ ልክ ቢያጣ «አክሴፕት ላንጉጅ» በሚባለው ራስጌ «መልሱ በግእዝ ይሁንልኝ፤ ያ ባይሆን በአማርኛ» ብዬ አመለከትሁ፤ ይህ ራስጌ ግን ልመና እንጂ ትእዛዝ አይደለምና፣ ቤተ መጻሕፍቱ በትሕትና በእንግሊዝኛ መለሰልኝ።

አሁን ወደ ታላቁ ኀፍረቴ ልምጣ። ዝርዝሩን ሳነብ አንድ ብራና «ድርሳነ ሚካኤል» ተብሎ ተመዝግቦ፣ ፎቶግራፉ ግን ድርሳነ ገብርኤል መሆኑን በግልጽ ሲናገር አገኘሁት። ቤተ መጻሕፍቱ እርማት የሚቀበልበት በር ነበረውና ልጽፍለት ተነሣሁ። በሦስቱ ጸሐፊዎች ነገር ልቤ ስለ ቆሰለ፣ ሪኩዌስትስን ትቼ ከፓይተን ጋር በሚመጣው በተራው መሣሪያ፣ ራስጌውን ሁሉ በገዛ እጄ ልጽፍ ማልሁ። ከራስጌዎቹም አንዱ «ኮንቴንት ሌንግዝ» ነው፤ የደብዳቤው ገላ ስንት እንደ ሆነ ለተቀባዩ የሚነግር፤ ተቀባዩም የተነገረውን ያህል ቆጥሮ ከተቀበለ በኋላ ጆሮውን ይዘጋል። ደብዳቤዬን እንደ ጥንቱ ሥርዐት ቃል ከቃል በሁለት ነጥብ እየለየሁ በአማርኛ ጻፍሁ፤ ፊደሉንም ነጥቡንም አንድ በአንድ ቆጠርሁ፤ ልክ 300 ሆነ። 300 ብዬ ጻፍሁ፤ ላክሁ፤ 200 መጣ፤ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በፍሮም ላይ ባሰፈርሁት አድራሻ ከቤተ መጻሕፍቱ መልስ መጣ። አማርኛ የሚያውቅ ጨዋ ሰው ነው የጻፈው፤ ቃሉም በአጭሩ «መልካም ሰላምታዎ በምስጋና ደርሶናል፤ በምን እንርዳዎ?» የሚል ነበረ።

ደብዳቤዬን አውጥቼ ተመለከትሁ። የመጀመሪያዎቹ 100 ፊደላት «ይድረስ» ብለው ጀምረው ከባሕር አሸዋ በበዛው ሰላምታ በኩል አልፈው የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኞች ጤንነት ጠይቀው ያበቃሉ፤ ሚካኤልና ገብርኤል የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የእኅቴ ልጅ በስልክ ነገሩን ስትሰማ ከሣቋ ብዛት ሁለት ጊዜ ስልኩን ዘጋችብኝ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ኮንቴንት ሌንግዝ ፊደል አይደለም የሚቆጥረው፤ ባይት ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ የእኛ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይበላል፤ ሁለት ነጥብዎም ሳይቀር!» አለችኝ። 300 ፊደል 900 ባይት ነው፤ 300 አልሁ፤ ሢሶውን ወሰዱ፤ አንዲት ፊደል እንኳ ሳትሰበር ልክ በሢሶው ላይ ተቆረጠ። እንግሊዛዊ ቢሆን ኖሮ የእርሱ አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለ ሆነ፣ ስሕተቱ ዕድሜ ልኩን ሳይታወቀው በደኅና ይኖር ነበር። የሚያሳዝነው ደግሞ የተጣላሁት ሪኩዌስትስ ቢሆን ኖሮ፣ የእኔን ቁጥር ሰርዞ ራሱ የቆጠረውን ይጽፍ ነበር፤ ይህ በመመሪያው ላይ በግልጽ የተጻፈ ነው። ብራውዘሮችማ በገጽ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ሆስትንና ኮንቴንት ሌንግዝን በእጁ እንዲነካ ከነአካቴው አይፈቅዱም፤ እንደ እኔ ያለውን ሰው አስቀድመው ሳያውቁት አልቀሩም።

ከሪኩዌስትስ ጋር ታርቄአለሁ። እርቁም እንዲህ ነው፤ ስሜንና አድራሻዬን እኔ እጽፋለሁ፤ ሆስቱን፣ ርዝመቱንና የአጠቃለሉን ነገር ለእርሱ ተውሁለት፤ ከመላኬ በፊት ግን ግልባጩን ሳይሆን በአድማጭዋ በኩል የወጣውን ደብዳቤ አነብባለሁ። እርማቱን በሁለተኛው ደብዳቤ ከሰላምታው አስቀድሜ ጽፌ ላክሁት፤ ገብርኤል ወደ ስሙ ተመለሰ። የጠላ ሻጯ እናት ወንድም ኅዳጉ ላይ ያለችውን መስመር አይቷት እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሰርቨር ጠባቂዎች ሆይ፣ ሰኞ ጧት ከሁለት ሰዓት በፊት «ዝክረ ብራና» ነኝ የሚል፣ ኢሜይሉን በግልጽ ያሰፈረ እንግዳ በደጃችሁ ቢቆም የእኔ ነውና ክፈቱለት፤ ስሙን በላቲን ፊደል የጻፈውም ወዶ ሳይሆን 4829 ከ255 ስለሚበልጥ ነው።